የዲዝኒላንድ ጉዞ ለአምስት ሰው፦ ወጪው የሚቀነሰው የት ላይ ነው?

ባለሦስቱ ልጆች ጠየቁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆች ጋር ነን። ትንሹ 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፤ 3 የሚሞላው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው። መካከለኛዋ 6 ዓመቷ ነው። ትልቁ 11 ሲሆን በማርች መጨረሻ 12 ይሞላዋል። የፓሪሱን ዲዝኒላንድና በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለውን ዲዝኒ ወርልድ እያማረጥን ነው። አንዱ «ጥቅሉን ግዙ» ይለናል፣ ሌላው «ትኬቱንም ሆቴሉንም ለየብቻ ብትይዙ ይረክሳል» ይለናል። ከሁለቱ ከተሞች የትኛው ይቀላል? ጥቅል ይሻላል ወይስ ለየብቻ? ሰልፍ ለመዝለል የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብስ ግድ ነው? ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል? «ቀደም ብላችሁ ግዙ» የሚለውን ምክር ሰምተነዋል፤ ከሱ ያለፈ፣ ቁጥር ያለው መልስ ነው የምንፈልገው።

ደብተር ያዥ መለሰ፦

ጥቅሉን ለጊዜው ተዉትና የልጆቹን የልደት ቀን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከሆቴሉም ከምግቡም በፊት ሒሳቡን የሚወስነው እሱ ነው።

በሁለቱም ዲዝኒ 3 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በነጻ ይገባል። ከዚያ በላይ ግን ይለያያሉ። ፓሪስ ላይ የልጅ ዋጋ የሚሠራው ከ3 እስከ 11 ዓመት ነው። ኦርላንዶ ላይ ከ3 እስከ 9 ብቻ ነው፤ 10 የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ስለዚህ እናንተ ዛሬ ፓሪስ በር ላይ ብትቆሙ ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅና አንድ ነጻ ናችሁ። ኦርላንዶ ላይ ሦስት አዋቂ፣ አንድ ልጅና አንድ ነጻ። በኤፕሪል ብትሄዱ ደግሞ ፓሪስም ሦስት አዋቂና ሁለት ልጅ ይሆንባችኋል፤ አራት ከፋይ የነበረው አምስት ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ከልጆቹ አንዱ ወደ አዋቂ አድጎ። የሚታየው ፓርኩ በምትገቡበት ቀን ያለው ዕድሜ ነው እንጂ ትኬት የገዛችሁበት ቀን አይደለም።

በረራ ላይ ወሰኑ 2 ዓመት ነው። የእናንተ ትንሹ አልፎታል፤ የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ወላጆች ግን ይጠንቀቁ፦ ሲሄድ 2 ያልሞላው ልጅ በጉዞው መሃል 2 ቢሞላው ለመመለሻው ወንበር ሊገዛለት ነው። ይህን አየር ማረፊያ ደርሶ ማወቅ በጣም ውድ ነው።

ቀጥሎ የቀን ምርጫ። የፓርኮቹ ትኬት እንደ ቀኑ ዋጋው ይለያያል፤ ዋጋውን የሚያንረው የአገሬው ትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። በፈረንሳይ የክረምትና የጸደይ ዕረፍት በሦስት ዞን ተከፍሎ በየተራ ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ ሁለት ሳምንት የሆነው ዕረፍት ለፓርኩ አራት ሳምንት ያህል ይረዝማል፤ የፌብሩዋሪው ከወሩ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ጀምሮ እስከ ማርች መጀመሪያ ይዘልቃል። የሜይ ወር በዓላትም አሉ፦ 1፣ 8፣ ዕርገት፣ ከዚያ ከጰንጠቆስጤ በኋላ ያለው ሰኞ። ረቡዕ ብዙ የፈረንሳይ ልጆች ትምህርት ስለማይኖራቸው ወይም ግማሽ ቀን ብቻ ስለሚማሩ ፓርኩ ከሌላው የሥራ ቀን ይበልጥ ይሞላል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይሻላሉ። ከገና ዕረፍት ማግስት፣ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለእናንተ የተሰፋ ይመስላል፤ ትንሹ ገና ነጻ ነው፣ ትልቁም ገና ልጅ ነው።

ኦርላንዶ ላይ የረከሰው ወቅት ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ቀድመው ስለሚከፍቱ። ምክንያቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሆኖ የሚበረታው ልክ በዚያን ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ሲኖር ከቤት ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። በዚያ ወር ስረዛ የሚፈቅድ ሆቴል ብቻ ያዙ።

የኦርላንዶ ትኬት ሌላም ጠባይ አለው፤ ቀን በጨመራችሁ ቁጥር የአንዱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። አምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር በጥቂት ገንዘብ ነው የሚገኘው። አራት ትልልቅ ፓርኮች ስላሉት ሁለት ቀን ብቻ ለመዋል ውቅያኖስ ማቋረጥ ከሒሳብ አንጻር የማይመከር ነው። ፓሪስ ሁለት ፓርክ ነው፣ ጎን ለጎን፤ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃዋል። በእኔ ሚዛን የእናንተ መልስ ፓሪስ ነው።

ቁልፍ በኪሴ መለሰች፦

የመኝታውን ነገር ልጨምር፤ አምስት ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና።

በፓሪሱ ዲዝኒ ርካሾቹ ሁለቱ ሆቴሎች፣ ሼየንና ሳንታ ፌ፣ ክፍላቸው ለአራት ሰው ነው። 3 ዓመት ያልሞላው በሕፃን አልጋ ሲተኛ ግን ከአራቱ አይቆጠርም። ልደቱ እዚህም መጣላችሁ፦ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ በፊት አንድ ክፍል ይበቃችኋል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ሁለት ክፍል ወይ ለብዙ ሰው የሚሆን ውድ ክፍል ልትይዙ ነው። የሕፃን አልጋውን ክፍሉን ስትይዙ ጠይቁ፤ እንግዳ መቀበያ ደርሳችሁ ብትጠይቁ አልቆ ይሆናል።

ጥቅል ወይስ ለየብቻ ላላችሁት፦ የዲዝኒ ሆቴሎች ጥቅል ከአዳሩ ጋር የደረሳችሁበትንም የምትሄዱበትንም ቀን ትኬት ይይዛል። ሁለት አዳር ማለት የሦስት ቀን መግቢያ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም እዚህ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የሚደርስ ሰው ሦስቱንም ቀን ይጠቀምባቸዋል። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አርፎ ማታ ሆቴል የሚደርስ ግን የአንድ ቀን ትኬት ለአራት ሰው ጥሎ መኝታ ገዛ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ተራ ሆቴል እደሩና ጥቅሉን ከማግስቱ አስጀምሩ። ክፍሉ እስኪለቀቅ ሻንጣ ሆቴሉ ያስቀምጥላችኋል፣ በመጨረሻውም ቀን እንደዚያው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፓርክ ውስጥ መዋል ትችላላችሁ።

ለማወዳደር አንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓምድ ሥሩ። በአንደኛው የጥቅሉ ሙሉ ዋጋ። በሁለተኛው የውጭ ሆቴል፣ የእያንዳንዱ ቀን ትኬት በየሰዉ፣ የነዋሪ ያልሆነ እንግዳ የሚከፍለው የአዳር ግብርና የባቡር ዋጋ። ግብሩና ባቡሩ ስለሚረሱ ነው ሁለተኛው ሁልጊዜ ርካሽ የሚመስለው። ለሁለት አዳር ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ ይሆናሉ፤ አራትና አምስት አዳር ሲሆን ለየብቻው ጎልቶ ይረክሳል፣ ምክንያቱም በጥቅል የማትጠቀሙበትን የፓርክ ቀን ጭምር ነው የምትገዙት።

ፓሪስ ከተማ ውስጥ አድሮ በባቡር መመላለስ አሁን ከቀድሞው ይልቅ ይቀላል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለአካባቢው ባቡር በሙሉ አንድ ወጥ ዋጋ ወጥቶ፣ 5 ዩሮ የነበረው ወደ ፓርኩ የሚወስደው ጉዞ 2.50 ዩሮ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ የሚኖር ጭማሪ ጥቂት ሳንቲም ነው። ከ4 ዓመት በታች ነጻ ነው። አራታችሁ ሙሉ ብትከፍሉ እንኳ ደርሶ መልስ 20 ዩሮ አካባቢ ነው። የአየር ማረፊያው ባቡር ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ የራሱ ውድ ትኬት አለው፣ በ2.50ው ገብቶ የተገኘ ይቀጣል። የባቡር ትኬቱ የሚሞላበት ካርድ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ያስፈልጋል፤ አንድ ካርድ ለአራት ሰው በር አይከፍትም።

የምትይዙት «አር ኢ አር ኤ» የሚባለውን መስመር ነው፤ ከመሃል ከተማ 40 ደቂቃ ያህል ነው፣ የመጨረሻው ፌርማታ ማርን-ላ-ቫሌ ሸሲ ይባላል፣ ከጣቢያው ወጥታችሁ ፓርኩ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መስመሩ ቫንሴን ከሚባለው ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል። በሰሌዳው ላይ ቧሲ-ሳን-ሌዤ የሚል ባቡር ከመጣ አትሳፈሩ። ተሳፍራችሁ ከነቃችሁ እስከ ቫንሴን ተመልሳችሁ ቀይሩ፤ ከጠዋቱ ምርጥ ሰዓት ግማሹ በዚህ ይሄዳል።

ዴቪ ክሮኬት ራንች ስለሚባለው የዲዝኒ መንደር የሚጠይቅ አይጠፋም። እስከ 6 ሰው የሚያሳድር ባለ ወጥ ቤት ትንንሽ ቤት ነው፤ ለትልቅ ቤተሰብ ዋጋው ጥሩ ነው። ግን ወደ ፓርኩ የሚያመላልስ አውቶቡስ የለውም፣ መኪና ግድ ነው። በፈረንሳይ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ በልጅ መቀመጫ መታሰር አለበት፤ አከራዮቹ መቀመጫውን በቀን ያስከፍላሉ። ለሁለት ልጅ ሲሰላ ከቤቱ ያተረፋችሁት እዚያ ያልቃል። መቀመጫ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ያለ ክፍያ ይጭኑታል።

ሰልፍ ጠል መለሰ፦

ደብተር ያዥ በጃንዋሪ ሂዱ ማለቱ ትክክል ነው፤ የጃንዋሪን ዕዳ ግን አልነገራችሁም። ፓርኮቹ ትልልቅ መጫወቻዎችን ለጥገና የሚዘጉት ሰው በሚቀንስበት ወቅት ነው። የመዝጊያ ሰዓቱም ያጥራል፣ ብርዱና ዝናቡም አለ። በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ የሚዘጉት መጫወቻዎች ከነቀናቸው ይወጣሉ። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ልጆቹ የሚጓጉላቸውን ሦስት አራት መጫወቻ መርጣችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን እዩ። ሁለቱ ከተዘጉ ሳምንቱን ቀይሩ።

አሁን ወደ ሰልፍ መዝለያው። ለእናንተ ግድ አይደለም፤ ምክንያቱ ቁመት ነው። ፓሪስ ላይ ካሉት መጫወቻዎች ቢግ ተንደር ማውንቴን ቢያንስ 1.02 ሜትር፣ ክራሽስ ኮስተር 1.07፣ ሃይፐርስፔስ ማውንቴን 1.20፣ ኢንዲያና ጆንስ 1.40 ሜትር ይጠይቃሉ። ልጆቹን ዛሬውኑ ግድግዳ አስደግፋችሁ ለኩ። የ6 ዓመቷ 1.15 ከሆነች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ትሳፈራለች፣ ሌሎቹን አትችልም። ትልቁ 1.40 ካልደረሰ ኢንዲያና ጆንስን ተዉት። ሳትለኩ ለአራት ሰው መዝለያ ብትገዙ ለአንዷ የማትገባበትን ትከፍላላችሁ፤ ለኪዎቹ መግቢያው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይራሩም።

ፓሪስ ላይ መዝለያው ለአንድ አንድ መጫወቻም ይሸጣል፣ ዋጋው በሕዝቡ ብዛት ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት አትግዙ። የመጠበቂያውን ሰዓት በስልክ መተግበሪያው ተከታተሉ፤ ክራሽስ ኮስተር ባንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ስለሚጭን ቀኑን ሙሉ ሰልፉ አይሰበርም፣ ከገዛችሁ ለሱ ግዙ። ለሌላው ነጻ መንገዶች አሉ።

አንደኛው ማለዳ ነው። በር ከመከፈቱ 45 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ፍተሻውን ጨርሱ። በመጀመሪያው ሰዓት የምትጫወቱት እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሰዓት ከሚፈጀው ይበልጣል። የዲዝኒ ሆቴል እንግዶች ፓሪስ ላይ እስከ አንድ ሰዓት፣ ኦርላንዶ ላይ 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ፤ ቁልፍ በኪሴ በሠራችው ዓምድ ላይ ይህንን በገንዘብ ተምኑት፣ የጥቅሉ እውነተኛ ጥቅም ይህ ነውና።

ሁለተኛው «ቤቢ ስዊች» ነው፤ ኦርላንዶ ላይ «ራይደር ስዊች» ይሉታል። ትንሹ መሳፈር ስለማይችል አንዱ ወላጅ ይዞት ይቀራል፣ ሌላው ተሰልፎ ይጫወታል። ከዚያ ይቀያየራሉ፣ ሁለተኛው ሙሉውን ሰልፍ አይቆምም። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰልፉን ጨርሶ መሳፈሪያው ዘንድ ሲደርስ መጠየቁ ነው። ከመግቢያው ላይ ለቆመው ሠራተኛ ቀድማችሁ ንገሩ።

ሦስተኛው ለብቻ የሚሳፈሩ ሰዎች መስመር ነው፤ የባዶ ወንበር መሙያ ነው። ለትልቁ ልጅና ለአንድ ወላጅ ይሆናል፣ ግን አብራችሁ አትቀመጡም፤ ብቻውን መሳፈር የሚፈራ ልጅ ከሆነ አትሞክሩት።

ኦርላንዶን ከመረጣችሁ «ላይትኒንግ ሌን» የሚባለውን የሰልፍ መዝለያ የዲዝኒ ሆቴል እንግዶች ከጉዟቸው 7 ቀን ቀድመው፣ ሌላው ከ3 ቀን ቀድሞ ይይዛል። ጥሩ ጥሩው ሰዓት በ7 ቀኞቹ ስለሚወሰድ ከውጭ ያደረ ሰው ያንኑ ዋጋ ከፍሎ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ባለሦስቱ ልጆች ጻፉ፦

በጣም እናመሰግናለን። የልደቱን ነገር ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። ትልቁን ለካነው፣ 1.43 ነው፤ መካከለኛዋ 1.14። ሁለት ነገር ቀረ፦ ቪዛ ያስፈልገናል፣ እሱን በምን ቅደም ተከተል እንሂድበት? የምግቡንም ማንም አልነካውም።

ማኅተም መለሰ፦

ቪዛው ራሱ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ልዩነት ያሰፋዋል። የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ ለአንድ ሰው 185 ዶላር ነው፤ ሕፃንም ያው ነው፤ ለአምስት 925 ዶላር። ለፈረንሳይ የሚያስፈልገው የሼንገን ቪዛ (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው 45፣ ከ6 በታች ነጻ። የእናንተ 90፣ 90፣ 45፣ 45 እና ዜሮ ነው፤ 270 ዩሮ። ትልቁ 12 ከሞላው 315 ይሆናል። ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው። ሁሉም ቢከለከልም አይመለስም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴልና የበረራ ማስያዣ ያዙ። ከዚያ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ግዙ፤ ያለሱ ማመልከቻው አይሟላም። ቪዛ ቢከለከል ክፍያውን የሚመልስ መድን ምረጡ። ከዚያ ማመልከቻውን አስገቡ። ሕጉ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ቢዘገይ 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳል፤ ውሳኔው በ15 ቀን ይወጣል ቢባልም እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ዋናው መዘግየት ግን ቀጠሮ ማግኘቱ ላይ ስለሆነ ለጃንዋሪ የምታስቡ ከሆነ ዛሬ ቀጠሮ ፈልጉ። የፓርክ ትኬትና የማይሰረዝ ጥቅል ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ብቻ ነው የሚገዛው። «ዋጋው ነገ ይጨምራል» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ጭማሪውን ከሙሉው ኪሳራ ጋር አመዛዝኑት።

ያው የሼንገን ቪዛ ሌሎች ፓርኮችም ዘንድ ያደርሳል። ኔዘርላንድ ያለው ኤፍቴሊንግም ጀርመን ያለው ዩሮፓ ፓርክም ከ4 ዓመት በታች በነጻ ያስገባሉ። ከዲዝኒ ውጪ ሌላ አንፈልግም የሚል ልጅ ከሌላችሁ ዋጋቸውን ጎን ለጎን እዩ። ማመልከቻው ግን ብዙ ቀን ለምታድሩበት አገር ነው የሚቀርበው፤ ዕቅዳችሁን ከቀየራችሁ ኤምባሲውም ይቀየራል።

ካርድ ላይ፦ የክፍያ ማሽኑ «በዩሮ ወይስ በአገርህ ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁልጊዜ ዩሮ በሉ። በአገር ገንዘብ ካላችሁ ምንዛሬውን የሚተምነው ባንካችሁ ሳይሆን የማሽኑ ድርጅት ነው፣ ትርፉንም ጨምሮበት። ሆቴልና መኪና አከራይ ደግሞ መያዣ ብለው ከካርዱ ገንዘብ ያግዳሉ። በዴቢት ካርድ ከሆነ የታገደው የራሳችሁ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ከወጣችሁ በኋላ እንኳ ለቀናት ሊቆይ ስለሚችል የፓርኩን ቀን ወጪ በሌላ ካርድ ያዙ።

ቁልፍ በኪሴ ጻፈች፦

ምግቡን እኔ ልመልስ። ሁለቱም ፓርኮች የታሸገ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ብስኩትና ውኃ ይዞ መግባት ይፈቅዳሉ። አልኮልና የመስታወት ጠርሙስ አይገባም፤ የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ይፈቀዳል። ፓሪስ ትልልቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን አያስገባም። ኦርላንዶ እስከ 61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳል፣ ግን የተፈረፈረ በረዶ ፍተሻው ላይ ያስደፏችኋል፤ ሲቀዘቅዝ የሚጠጥር ጄል ነው የሚሆነው።

ከቤት ስትነሱ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ እንዲያስገባው አይፈቅድም፣ ይወረስባችኋል፤ የሕፃን የዱቄት ወተት ግን ይለያል። ደርሳችሁ ግዙ። ከፓርኩ አንድ ፌርማታ ቀደም ብሎ ቫል ዴሮፕ የሚባል ጣቢያ አለ፤ አጠገቡ ትልቅ የገበያ ማዕከል ከነ ሱፐርማርኬቱ ይገኛል።

ትልቁ ቁጠባ ውኃ ነው። አምስት ሰው በቀን ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቢገዛ በሦስት ቀን 30 ጠርሙስ ነው፣ በፓርክ ዋጋ። ለእያንዳንዱ መያዣ ያዙና መጸዳጃ ቤቶቹ አጠገብ ካለው የመጠጥ ውኃ ቧንቧ ሙሉ። ኦርላንዶ ላይ ለስላሳ የሚቀዳበት ማንኛውም ፈጣን ምግብ ቤት በረዶ ያለበት ውኃ በኩባያ በነጻ ይሰጣል፤ ሌላ ነገር መግዛት አይጠበቅባችሁም።

ትኩስ ምግብ የምትገዙ ከሆነ በቀን አንዴ፣ ቀትር ሳይሆን 5 ሰዓት ከ30 ላይ ግዙ። ዋጋው ያው ቢሆንም ሰልፉ የለም፤ ሌላው ሰው ምሳ ሲሰለፍ እናንተ መጫወቻው ዘንድ ትሆናላችሁ።

ሰልፍ ጠል ጻፈ፦

መካከለኛዋ 1.14 ከሆነች በሁለት ወር ውስጥ 1.20 አትደርስም፤ ሃይፐርስፔስን ከዝርዝሯ አውጡና ከመሄዳችሁ በፊት ንገሯት፣ በር ላይ ከማልቀሷ ይሻላል። ለትልቁ አራቱም ክፍት ናቸው። የዝናብ ልብስ፣ ፓወር ባንክና የልዕልት ቀሚስ ከወደደች ቀሚሱን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ውስጥ ዋጋቸው ሌላ ነው። የፓርኩ ፎቶ አንሺዎች በእናንተው ስልክ አንሡልን ስትሏቸው ያነሣሉ፣ የፎቶ ጥቅሉን ሳትገዙ።

ደብተር ያዥ ጻፈ፦

አንድ ማስተካከያ፦ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃል ያልኩት ሰዓቱ ረጅም በሆነበት ወቅት ነው። በጃንዋሪ ፓርኮቹ ቀደም ብለው ስለሚዘጉ ሦስት ሙሉ ቀን አስቡ፤ ያ ደግሞ ቁልፍ በኪሴ ካለችው የሁለት አዳር ጥቅል ጋር ይገጥማል፣ የምትደርሱበት በረራ ጠዋት ከሆነ። መጀመሪያ የቪዛ ቀጠሮውን፣ ቀጥሎ የጠዋት በረራውን ፈልጉ፤ የቀኑን ዋጋ ከዚያ በኋላ እናያለን። ቀኖቹን ስታገኙ እዚሁ ጻፉልን፣ ሁለቱን ዓምድ አብረን እንሞላዋለን።